የሰው ሠራሽ ጉልበት መቆለፊያ፦ ከጊች ቁልቁለት ሲታይ

ለጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይከፋል። ስሜን ተራሮች ላይ ያደገ ሰው ይህን ሐኪም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበት ይበላል። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በቁጥር አስቀምጠውታል። ለአምስት ታካሚዎች ኃይል የሚለካ መሣሪያ በውስጡ የያዘ ሰው ሠራሽ ጉልበት ተገጥሞላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በሜዳ ላይ ሲራመዱ ጉልበታቸው የተሸከመው በአማካይ የሰውነታቸውን ክብደት 2.6 እጥፍ ነበር። ደረጃ ሲወጡ 3.2፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ 3.5 እጥፍ ገደማ ደርሷል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ደረጃ ስትወርድ በየእርምጃው ጉልበቷ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ያርፋል ማለት ነው። ይህ የተለካው እኩል በተሠራ የሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የጊች አምባ ተነስቶ በድንጋያማው መንገድ ወደ ጂንባር ወንዝ ገብስ አዝሎ ይወርድ ለነበረ ሰው ሸክሙም የመንገዱ ጉርብጥብጥም በዚያ ላይ ይደመር ነበር።

በደባርቅና በዳባት ገጠር ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ጉልበታቸው ሲይዛቸው «ቁርጥማት ነው» ይባላል። መጀመሪያ በቅቤ ይታሻል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ጠበል ይገባል፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ይሰጣል፤ በመጨረሻ ምርኩዝ ይያዛል። ከነዚህ አንዳንዶቹን ዘመናዊው ሕክምናም አይንቃቸውም። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ምርኩዝን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ መያዝ፣ ወፍራም ለሆነ ሰው ክብደት መቀነስ፣ ማስታገሻ በልክ መውሰድ ዛሬም የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው። እግሩ ለተንጋደደና ገና ጎልማሳ ለሆነ ሰው ቅልጥሙን ቆርጦ ማቃናት ሌላ አማራጭ ነው። ልም አጥንቱ ፈጽሞ አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳ፣ ያኔ ጉልበት መቀየር ይመጣል። ይህ ዳሰሳ እዚያ ደረጃ ለሚደርሱት ነው። የሚያተኩረውም ታካሚው ፈጽሞ በማያየው፣ ሐኪሞችም ከታካሚ ጋር እምብዛም በማያነሱት አንድ ክፍል ላይ ነው፦ ፕላስቲኩን ከብረቱ ጋር በሚያያይዘው መቆለፊያ ላይ።

ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲባል ሙሉው መገጣጠሚያ ተቆርጦ ወጥቶ ሌላ የሚተካ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ከጭን አጥንቱ ጫፍና ከቅልጥሙ ራስ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ይነሳል። ለጭን አጥንቱ ከኮባልት ክሮም የተሠራ ልሙጥ ቆብ ይደረግለታል። በቅልጥሙ ራስ ላይ የብረት ትሪ ይቀመጣል፤ ከታቹ አጭር እግር ስላለው አጥንቱ ውስጥ ይገባል፣ ብዙውን ጊዜም በአጥንት ሲሚንቶ ይጣበቃል። በሁለቱ ብረቶች መሃል ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ከጉልበት ሎሚው ጀርባም ትንሽ ክብ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ሰውየው በሚራመድበት ጊዜ ቆቡ የሚንሸራተተው በፕላስቲኩ ላይ ነው፤ የሚያልቀውም ፕላስቲኩ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ በትሪው ላይ እንዴት ተይዞ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም የጠቅላላውን ጉልበት ዕድሜ የሚነካ ነው።

ትሪውን በእጅ ይዞ ላየው ከመዳፍ ያነሰ ነው፤ ቅርጹ የኩላሊት ዓይነት ሆኖ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ይላል። ከኋላ በኩል ጠርዙ ከሥሩ ወደ ውስጥ ተቦርቡሯል። ፕላስቲኩ ደግሞ ከኋላው እዚያ ቡርቡር ውስጥ የሚገባ ምላስ አለው። ሐኪሙ ምላሱን አጋድሞ ከኋለኛው ጠርዝ ሥር ያስገባል፤ ከዚያ የፊተኛውን ክፍል በመሣሪያ ተጭኖ በመዶሻ መታ ያደርገዋል። ፕላስቲኩ ለቅጽበት ይለመጥና «ቀጭ» ብሎ ከፊተኛው ጠርዝ ሥር ይያዛል። ድምፁን መስማት ግን አይበቃም። ፍርፋሪ ሲሚንቶ፣ ቁራጭ ሥጋ ወይም የረጋ ደም ከሥሩ ከገባ ፕላስቲኩ የተቆለፈ መስሎ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጠንቃቃ ሐኪም ትሪውን አጥቦና አድርቆ ይገጥማል፤ ከገጠመ በኋላም ክፍተት እንዳይኖር ዙሪያውን በጣቱና በቀጭን መሣሪያ ይዳስሳል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት፤ ብትዘለል ግን ጦሷ ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

ሁሉም መቆለፊያ እንዲህ በዙሪያ ጠርዝ የሚይዝ አይደለም። አንዳንዱ በትሪው መሃል ሥሩ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ የሆነ ቦይ አለው፤ ፕላስቲኩ ከፊት ተንሸራትቶ ይገባበታል። አንዳንዱ በሁለቱ መሃል የሚሻገር የብረት ሽቦ ወይም ፒን ይጨመርለታል። ከላይ በብሎን የሚጠብቅም አለ። አምራቾቹ ስለየራሳቸው ብዙ ይላሉ፤ ሁሉንም የሚያስቸግራቸው ነገር ግን አንድ ነው። ፕላስቲክ እንደ ብረት በልክ አይቆረጥም፤ በሰውነት ሙቀት ከብረቱ የበለጠ ይሰፋል፣ ለረጅም ጊዜ ሲጫኑትም ቀስ ብሎ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ሲገጠም የሚገባ እንዲሆን ትንሽ ቦታ ሊተውለት ግድ ነው፤ ቦታ ከተተወለት ደግሞ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት በወቅቱ ገበያ ላይ የነበሩ አዳዲስ ጉልበቶችን ፈትሾ፣ ሰው እግር ውስጥ ሳይገቡ ገና ከካርቶናቸው እንደወጡ ፕላስቲካቸው በትሪው ላይ እንደሚንሸራተት አሳይቷል። በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከታካሚዎች የወጡ ጉልበቶችን መርምሮ፣ በሰው ውስጥ የቆየ መቆለፊያ ከአዲሱ ይበልጥ ልል ሆኖ አገኘው። የመጥረቢያ እጀታ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ትንሽ የተነቃነቀ እጀታ ቀዳዳውን ራሱ እያሰፋ፣ በሰፋው ልክ ደግሞ ይበልጥ እየተነቃነቀ ይሄዳል።

እንቅስቃሴው የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ታካሚው አይሰማውም። ጉዳቱ የሚታየው ፕላስቲኩ ወጥቶ ሲገለበጥ ነው። ሲመረት ሥሩ ላይ የነበሩት ቀጫጭን የማሽን መስመሮች ጠፍተው ልሙጥና አብለጭላጭ ሆኗል። ትሪው የብሎን ቀዳዳ ካለው ፕላስቲኩ ወደ ቀዳዳው ፈስሶ እንደ ኪንታሮት ጉብ ጉብ ብሏል። ከዚያ የተፋቀው ዱቄት በቀዳዳው በኩል ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ሊፈጯቸው ግን ስለማይችሉ ይቆጣሉ፣ ቁጣቸውም አጥንትን የሚበሉ ሕዋሳትን ያነሳሳል። ብረቱ ሳይሰበር፣ ሲሚንቶውም ሳይሰነጠቅ ከሥሩ ያለው አጥንት ባዶ ይሆናል። በ1990ዎቹ ብዙ ጉልበቶችን ያበላሸው ይህ ነበር።

እዚያ እንዴት እንደተደረሰ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም መቆለፊያው ከመጀመሪያውም የነበረ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ቴዎፊሉስ ግሉክ በ1890 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ ጉልበት ለመግጠም ሞክሮ ነበር፤ ያ ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረ። የዛሬው ጉልበት መነሻ እንግሊዝ አገር በ1968 የፍራንክ ጋንስተን ሥራ፣ ከዚያም በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ ያወጡት ሙሉ ጉልበት ነው። የኢንሶል ጉልበት በቅልጥሙ ላይ የብረት ትሪ አልነበረውም፤ አንድ ወጥ ፕላስቲክ በቀጥታ በሲሚንቶ አጥንቱ ላይ ይጣበቅ ነበር። ትሪ ስላልነበረው የሚላላ መቆለፊያም አልነበረውም። ትሪው የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ ክብደቱን በአጥንቱ ላይ እኩል ያከፋፍላል ተብሎ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ትሪውና ፕላስቲኩ ተለያይተው ተሠሩ።

ለመለያየቱ የቀረቡት ምክንያቶች ከንቱ አልነበሩም። ሐኪሙ ብረቶቹን ካጣበቀ በኋላ ጅማቶቹ የሚፈልጉትን ውፍረት መርጦ ፕላስቲኩን ማስገባት ይችላል። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ መጠንና ውፍረት ሙሉ ዕቃ ማከማቸት አይጠበቅበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ያለቀ ዕለት ብረቶቹ ሳይነኩ እሱ ብቻ ይቀየራል ተባለ። ይህ ሦስተኛው ተስፋ በዳሰሳው መጨረሻ ይመለሳል፤ ለእኛ አገር ነገሩ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና።

ዛሬ መቆለፊያው በ1990ዎቹ እንደነበረው አይደለም። ብዙዎቹ ትሪዎች የብሎን ቀዳዳቸው ተደፍኗል። ሸካራ የነበረው የቲታኒየም ገጽ በብዙ ሞዴሎች እንደ መስታወት በተወለወለ ኮባልት ክሮም ተተክቷል፤ ፕላስቲኩ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ የሚፍቀው ሸካራ ነገር አያገኝም። ጠርዙ ዙሪያውን የሚይዝ መቆለፊያ ተስፋፋ። ፕላስቲኩም ተለወጠ። ቀድሞ አየር ባለበት ማሸጊያ ውስጥ በጋማ ጨረር ይመከን ስለነበር ኦክስጅን እያደረቀው በጊዜ ብዛት ይሰባበር ነበር፤ ይህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቀስ በቀስ ቀረ። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አዲሱ ትውልድ መቆለፊያና የማምከኛው ዘዴ መለወጥ አንድ ላይ ሆነው በፕላስቲኩ ሥር የሚደርሰውን ጉዳት ቀንሰዋል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2019 የወጣ ትልቅ ዳሰሳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ ብሏል። ስለዚህ «የትኛው መቆለፊያ ይሻላል?» ለሚለው ምላሼ፣ ከታወቁት አምራቾች የአሁን ሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት ሰው የሚጨነቅበትን ያህል ሰፊ አይደለም የሚል ነው። ጠርዙን ዙሪያውን የሚይዝ፣ ትሪው የተወለወለ፣ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ በቂ ነው።

ይህ ምላሽ ግን የተገነባው ወንበር ላይ በሚቀመጡና አስፋልት ላይ በሚራመዱ ሰዎች ጉልበት ነው። የጊች ሰዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። በሶላት ግንባርን መሬት ለማስነካት ሱጁድ ሲወረድና ከሱጁድ በኋላ ሲቀመጡ ጉልበት ከ150 ዲግሪ በላይ ይታጠፋል። በዙሪያው ያለው የኦርቶዶክስ ምእመንም በጾም ወራት ስግደት አለበት። መጸዳጃው ቁጢጥ የሚያስብል ነው፤ በርጩማው ዝቅተኛ ነው፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት በምድጃው ፊት እንደታጠፈች ትውላለች። የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 125 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆማል። ከዚያ በላይ በግድ ሲታጠፍ የጭን አጥንቱ ቆብ ወደ ኋላ ሄዶ የፕላስቲኩን ኋለኛ ጠርዝ ወደ ታች ይጫናል፤ የፊቱ ጠርዝ መነሳት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ፊት ለፊት ባለችው ቀጭን መያዣ ላይ ይወድቃል። በመሃሉ የፕላስቲክ ምሰሶ ባለው ዓይነት ጉልበት ደግሞ ቆቡ ምሰሶውን ሲገፋ ያው ግፊት ወደ መቆለፊያው ይተላለፋል። ፕላስቲኩ ከትሪው ተፈናቅሎ የወጣባቸው ታካሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ብዙ አይደሉም። ሆኖም ከእነሱ የሚገኘው ትምህርት ለኛ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይመለከተዋል።

በ2000ዎቹ «በጣም የሚታጠፍ ጉልበት» የሚባሉ ሞዴሎች ወጥተው ነበር። ከተለመዱት ጋር ተነጻጽረው ሲፈተኑ ግልጽ ብልጫ አላሳዩም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሐኪም ለታካሚው አስቀድሞ በግልጽ ሊነግረው ይገባል፦ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ፣ ከፍ ያለ መጸዳጃ፣ ከበርጩማ ይልቅ ወንበር። በሽታ ያለበት ሰው ተቀምጦ ቢሰግድ ሃይማኖቱ አይከለክለውም፤ ሸኹም ይህን ያውቃሉ። ያልተነገረው ሰው ግን ሕመሙ በለቀቀው በወሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

መቆለፊያን በጭራሽ ያስወገዱ መሐንዲሶችም አሉ። በእንግሊዝ አገር ጉድፌሎውና ኦኮነር በ1976 መግጠም የጀመሩት የኦክስፎርድ ጉልበት፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቢውከልና ፓፓስ በ1977 ያመጡት ጉልበት ፕላስቲኩን ሆን ብለው ለቀውታል፤ በተወለወለ ብረት ላይ እንዲንቀሳቀስ ወይም እንዲዞር። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ የማይታሰር ነገር አይላላም። ነገር ግን ፕላስቲኩን በቦታው የማቆየቱ ሥራ ወደ ጅማቶቹ ይተላለፋል፣ ጅማቶቹ በልካቸው ካልተወጠሩም ፕላስቲኩ ሾልኮ ይወጣል። ሰዎች መሬት ላይ በሚቀመጡባቸው የእስያ አገሮች የኦክስፎርድ ጉልበት ፕላስቲክ ከምዕራቡ ዓለም ይልቅ ደጋግሞ እንደሚወጣ ታይቷል። ለስሜን ሰው ይህን አልመርጥም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ተስፋ፣ «ፕላስቲኩ ብቻ ይቀየራል» ወደተባለው። ተስፋው የሚሠራው አንድ ሁኔታ ሲሟላ ነው፦ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ለዚያው ትሪ የሚሆን ፕላስቲክ ሲገኝ። መቆለፊያዎች ግን በአምራቾች መካከል አይገጣጠሙም። የአንዱ ፕላስቲክ በሌላው ትሪ አይገባም፤ የአንድ ኩባንያ አሮጌና አዲስ ሞዴል እንኳ እርስ በርስ ላይገጥም ይችላል። ኩባንያ ይሸጣል፣ ይዋሃዳል፣ ሞዴል ከገበያ ያወጣል። ሞዴሉ ካልታወቀ ወይም ከጠፋ፣ ሐኪሙ ከአጥንቱ ጋር ደህና የተጣበቀ ብረት ለመንቀል ይገደዳል፤ ከብረቱ ጋር አጥንትም ይነሳል። ሌላ ፕላስቲክ በልክ ጠርቦ በአሮጌው ትሪ ላይ በሲሚንቶ የሚያጣብቁ ሐኪሞች አሉ፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚሄዱበት ነው።

አገራችን ውስጥ ጉልበት መቀየር በዋናነት የሚሠራው አዲስ አበባ ላይ ነው። ደባርቅ ከአዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚህ ሌላ ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄደው የሚታከሙ አሉ፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ወይም እስራኤል ወስደው የሚያሳክሟቸው ወላጆችም አሉ፣ ለጥቂት ቀናት ከሚመጡ የውጭ ሐኪሞች ቡድን እጅ የሚታከሙም አሉ። እያንዳንዱ መንገድ የራሱን አምራች፣ የራሱን መቆለፊያ ይዞ ይመጣል። ሰውየው ወደ መንደሩ ሲመለስ በጉልበቱ ውስጥ የትኛው እንዳለ የሚያውቀው ያኔ የሠራለት ሆስፒታል ብቻ ነው። የጊች ሰዎች ደግሞ አድራሻቸው ራሱ ተለውጧል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጠበቅ ሲባል በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከአምባው ወርደው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። «ጊች» የሚል አድራሻ የተጻፈበት የታካሚ ፋይል ዛሬ ሰውየውን አያገኘውም።

በዚህ ምክንያት አንድ አሮጌ መልስ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ፦ ትሪ የሌለው፣ አንድ ወጥ የሆነው የኢንሶል ዓይነት ፕላስቲክ። የ1974ቱ ጉልበት ከ20 ዓመት በላይ በተደረገ ክትትል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሳይቀየሩ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጡን ከሚቆለፈው ጋር ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች ወጥተዋል፤ በስዊድን በረቀቀ የራጅ ልኬት የተሠሩትን ጨምሮ፣ በአረጋውያን ላይ አንድ ወጡ ከሚቆለፈው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ዋጋው በግልጽ ይረክሳል። ከሥሩ የሚፋቅ የለም፣ የሚላላ የለም፣ ከዓመታት በኋላ የሚፈለግ መለዋወጫም የለም። ያም ሆኖ ከበለጸገው ዓለም ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ሐኪሞች ከሚቆለፈው ጋር ስለለመዱ፣ ሻጮችም እሱን ስለሚያቀርቡ እንጂ ተሸንፎ አይደለም።

ለመቆለፊያው የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ ኢንፌክሽን ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ቀዶ ሕክምናው በተሠራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ቢመረቅዝ ሐኪሞች ይከፍቱታል፣ ፕላስቲኩን ያወጡታል፣ ከኋላው የተደበቀውን መግል ያጥባሉ፣ አዲስ ፕላስቲክ ያስገባሉ። ፕላስቲኩ ሲቀየር ጉልበቱን የማዳን ዕድሉ ከፍ እንደሚል ጥናቶች ያሳያሉ። አንድ ወጡ ይህን ዕድል ያጠብበዋል፤ ፕላስቲኩ አይወጣምና ከኋላው ማጠብ ይከብዳል። ሆስፒታሉ ቅርብ ለሆነ፣ መጋዘኑም ተመሳሳይ ፕላስቲክ ላለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ሚዛን ይደፋል። ጉልበቷ ሲያብጥና ሲሞቅ ሁለት ሳምንት በቅጠልና በጠበል ቆይታ፣ ከዚያ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለምትሄድ እናት ግን ያ መስኮት ሳትደርስ ይዘጋል። እግሩ እጅግ ለተንጋደደ፣ አጥንቱ ለጎደለ፣ ክብደቱ ለበዛ ሰውም ትሪው አስፈላጊ ነው፤ ከሥሩ ረጅም እግርና መሙያ ብረት ሊታከልለት ይችላል። ስለዚህ አንድ ወጡ ለሁሉ ይሁን አልልም። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሰውነታቸው ቀላል ለሆነ፣ እግራቸው መጠነኛ መንጋደድ ብቻ ላለበት የገጠር ታካሚዎች ግን የመጀመሪያው ምርጫ ቢሆን ተገቢ ነው፤ ከስሜን የሚመጡት አብዛኞቹም እንዲህ ያሉ ናቸው።

ትሪ ለሚገጠምላቸው ደግሞ የመቆለፊያው ሥራ ግማሹ ወረቀት ላይ ነው። ስዊድን የጉልበት መዝገቧን የጀመረችው በ1975 ነው። ከእኛ ብዙም የማትሻል ማላዊ በ2005 የራሷን ጀምራለች። መዝገብ ምን እንደሚያደርግ በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ኤክዛክቴክ የተባለው አምራች በ2021 የጉልበት ፕላስቲኮቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ ማሸጊያቸው ኦክስጅን የሚከላከለው ንብርብር ጎድሎት ስለነበር ፕላስቲኩ ያለጊዜው ያረጅ ነበር። በ2022 ጥሪው ሰፍቶ ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የተገጠሙ ከ147,000 በላይ ፕላስቲኮችን አጠቃለለ። እነዚያን ታካሚዎች አንድ በአንድ መጥራት የተቻለው የእያንዳንዱ ፕላስቲክ ቁጥር ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል፤ አምራች ለዘላለም እንደማይቆይ ለሚጠራጠርም መልስ ነው።

እኛ ከባዶ አንነሳም። ሳይን የተባለው በሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 የተመሠረተው የአሜሪካ ድርጅት ለተሰበረ የጭንና የቅልጥም አጥንት የሚሆን፣ በብሎን የሚቆለፍ ዘንግ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ለአገራችን ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል። ዘንጉ አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ የብሎኑን ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና መሃል ያለ ራጅ የሚያገኝ መምሪያ አለው፤ ራጅ በሚያጥርበት ሆስፒታል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ዳሰሳ ግን የበለጠ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፦ ሐኪሙ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅና ዝርዝር ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይልካል፣ በላከው ልክም የተጠቀመበት ዘንግ ይተካለታል። የኢትዮጵያ አጥንት ሐኪሞች ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። «ሥራ ስለሚበዛብን አንመዘግብም» የሚለው ምክንያት በእነሱ እጅ ውድቅ ሆኗል፤ ዕቃው ከምዝገባው ጋር ከታሰረ ይመዘገባል።

ታካሚውን ቤቱ ድረስ መከተሉም ቢሆን ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. ዳባት ላይ የመሠረተው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል መረጃ ሰብሳቢዎቹን በየቤቱ እየላከ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። በዚያ ቅጽ ላይ «በዚህ ቤት መገጣጠሚያው የተቀየረለት ሰው አለ? ዛሬ ይራመዳል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢታከሉ፣ በስሜን ቁልቁለት ላይ የትኛው ጉልበት እንደሚቆይ ከስዊድን ሳንጠይቅ ማወቅ እንጀምራለን።

መንግሥትም እጁ ላይ መሣሪያ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሚገዛው ደግሞ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በጉልበት ጨረታ ላይ ዋጋ ብቻ ሳይሆን አቅራቢው ለዚያው ትሪ የሚሆን ፕላስቲክ ስንት ዓመት ለማቅረብ እንደሚገደድ ይጠየቅ። አንድ ወጡ ፕላስቲክም በጨረታው ዝርዝር ውስጥ በስሙ ይግባ፤ ያልተጠየቀ ዕቃ አይቀርብም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ዛሬ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የምትወጣ እናት በእጇ መያዝ የምትችለው ነገር አለ። የእያንዳንዱ ክፍል ካርቶን የሚላጡ ተለጣፊ ወረቀቶች ይዞ ይመጣል፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ የምርት ቁጥሩና የፕላስቲኩ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፎባቸዋል። አንዱ ስብስብ ፋይሏ ላይ ይለጠፍ። ሌላው በጠንካራ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ የተሠራው ቀኝ ይሁን ግራ፣ ቀኑና የሐኪሙ ስም በአማርኛ ተጽፎበት ለራሷ ይሰጣት። ሦስተኛው በልጇ ስልክ ፎቶ ተነስቶ ይቀመጥ። ነርሷ ይህን ስታደርግ የሚፈጅባት አምስት ደቂቃ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚቀበላት ሐኪም የትኛውን ፕላስቲክ ማዘዝ እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው።